የአጃው ሦስተኛ አንቀጽ

ጀማነሽ ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላታል። ሰው በአፉ የሚለውንማ ስንቱን ሰምታ ስንቱን ታዝባለች። ወረቀት ላይ የተቀመጠ ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ፊደል አንድ በአንድ ለቅሞ፣ እጁ እስኪዝል የጻፈ ሰው፣ ለውሸት ብሎ ይህን ያህል ይደክማል ብላ ማመን አልቻለችም። እሷ ስሟን ለመጻፍ ብቻ ስንት ላብ አፍስሳለች!

ጣጣው የጀመረው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሊዲያ ከትምህርት ቤት እየመጣች ደብተሯ ላይ መተኛት ስታበዛ ነው። ጀማነሽ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርስ ራሄል ከሊዲያ ጣት ጠብታ ደም ወሰደች፣ መሣሪያዋን አየች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች።

«ደሟ ትንሽ ወርዷል። አሥር ነጥብ አምስት ነው። ቢያንስ አሥራ አንድ ተኩል መሆን ነበረበት።»

«ወይኔ ልጄን!»

«ኧረ ረጋ ይበሉ እናት፣ ብዙ አይደለም። ለጊዜው በምግብ እንሞክረው። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን ያብሏት። ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ። ያን ጊዜ ካልጨመረ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር እጽፋለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ ጀማነሽ ጆሮ የገባው አንዱ ብቻ ነው፤ ሪፈር። በእሷ ሰፈር አንድ ሰው ሪፈር ተባለ ከተባለ፣ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ ማሰብ ይጀምራል። ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቷ ድረስ ምስሩም ጎመኑም እንቁላሉም ከአእምሮዋ እየተንጠባጠቡ ወድቀው፣ በር ላይ ስትደርስ የቀራት ያ ቃልና የሁለት ወር ቀጠሮ ብቻ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ትምህርት አለ። አስተማሪው መምህር ቡልቻ ከጀማነሽ በአሥር ዓመት ቢያንስም እርስዎ ነው የምትለው፤ ፊደል ያስቆጠረ ሰው አንተ አይባልም። መምህሩ አንድ ወግ አለው። ራሱ ያዘጋጀውን አንድ ገጽ ጽሑፍ ለሁሉም ያድላል፣ በየእሁዱ አንድ አንቀጽ ብቻ ያስነብባል፣ ያልደረሰበትን ወደ ኋላ ያሳጥፋል። ወደፊት ማንበብ ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት ፀሃዬ የሚባሉ ጡረተኛ ዘበኛ ቀድመው እያነበቡ የተረቱን መጨረሻ በየሳምንቱ ለክፍሉ ያወሩ ስለነበር፣ ደንቡ ከዚያ በኋላ የወጣ ነው።

የዚያን እሁድ የታደለው ወረቀት ርዕሱ «አጃ» ይላል። አራት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያውን ክፍሉ በሙሉ በዜማ አነበበው።

«አጃ ከጥንታዊ የስንዴ ዘሮች አንዱ ነው። አያቶቻችን ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመርጡት ነበር። በውስጡ ብረት አለ። ብረት ለደም ይጠቅማል።»

ጀማነሽ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ሦስት ጊዜ ደገመችው። ለእሷ ተብሎ የተጻፈ ነበር የመሰላት።

በማግስቱ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ላንቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የኑሪ ወፍጮ ቤት ሄደች። ኑሪ እህልም ይሸጣል፣ ይፈጫል፣ ወሬም ያበጥራል።

«ኑሪ፣ አጃ አለህ?»

«በፓኬት የሚመጣውን ነው እትዬ? እሱ ሱፐርማርኬት ነው።»

«የለም፣ የጥንቱን። የስንዴ ዘር የሆነውን። ብረት ያለበትን።»

«የብረት ችግርማ የለብንም። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ሴትዮ እህል ውስጥ ብሎን አውጥቻለሁ።»

«ቀልድህን ተወው፣ የልጄ ደም ነው።»

ይህን ሲሰማ ኑሪ ፈገግታውን ሰበሰበ። ከባሌ የመጣ አጃ አወጣ፣ ገለባውን በማሽን ለየላት፣ ለቅንጬ እንዲሆን ሰባበረላት። ጀማነሽ ቤቷ ወስዳ ቀቀለችው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የእህል ሽታ የሚያውድ ቅንጬ ሆነ። ሊዲያ አንድ ማንኪያ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ።»

«ብረቱ ነው።»

«ብረቱ ምስማር ነው እንዴ? በናትሽ እማዬ፣ አልችልም በቃ!»

ሊዲያ እንቢ ካለች እንቢ ነው። ጀማነሽ ሳህኑን ይዛ አሰበች። ምናልባት አሠራሩን አላወቀችበትም ይሆናል። ወረቀቱ ደግሞ ገና ሦስት አንቀጽ አለው፤ አሠራሩን ሳይናገር አይቀርም። ደንብ መጣስ እንደሆነ እያወቀች፣ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው።

«ሊዲዬ፣ እስቲ ቀሪውን አንብቢልኝ። እኔ እስክፈታው ልጅ ይደርሳል። ለመምህር ቡልቻ ግን እንዳትተነፍሺ።»

ሊዲያ ወረቀቱን ተቀበለች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ለእሷ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደ ውኃ ነው። ዓይኗ ወረድ ወረድ ብሎ ሄዶ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። ከዚያ ቡናማውን ቅንጬ አየች። ከዚያ እናቷን አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ እንደ ዜና አንባቢ ጀመረች።

«‘አጃ እንደ ጥጥ እስኪነጣ ድረስ በደንብ መፈተግ አለበት። ከዚያም ቅቤና ማር በብዛት ይጨመርበታል። የበላ ልጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ አይታዘዝም፤ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ይመለከታል።’»

«ቴሌቪዥንም ይላል?»

«ደሙ እንዲረጋጋ ነው።»

የማሩ ነገር ጀማነሽን ትንሽ ከበዳት እንጂ አልተጠራጠረችም። «ይጨመርበታል»፣ «ይመለከታል» የሚል የተስተካከለ አማርኛ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆድ ይወጣል ብላ በምን ታስብ? ይልቅስ በነጋታው አጃውን ተሸክማ ወደ ኑሪ ተመለሰች።

«ፈትገው።»

«አንዴ ልፈትገው?»

«ሦስቴ። እንደ ጥጥ።»

«እትዬ፣ ሦስቴ ከፈተግኩት የሚቀርልሽ ስሙ ነው።»

«የተጻፈ ነገር ነው ኑሪ። አትከራከረኝ።»

ኑሪ ትከሻውን ነቅንቆ ማሽኑን አስነሳ። በአንድ በኩል እንደ ዕንቁ የሚያበራ ነጭ አጃ ወጣ፣ በሌላው በኩል አንድ ከረጢት ቡናማ ፉርሽካ። ጀማነሽ የሚጣል ነገር አትወድም። ጎረቤቷ ጋሽ ሱሌማን ለአረፋ ብለው ቀድመው የገዙት፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር አንድ በግ ነበራቸውና ፉርሽካውን ለእሱ ሰጠችው። ጋሽ ሱሌማንም መረቋት።

እንዲህ እየሆነ ሳምንታት ሄዱ። ሊዲያ ነጩን ቅንጬ በማር እያጠቀሰች ትበላለች፣ እንደ ወረቀቱ ትእዛዝ ጋደም ብላ ካርቱን ትመለከታለች። ጀማነሽ ሳህኑን ራሷ ታጥባለች፣ ልጇ በበላች ቁጥር ደሟ ሽቅብ ሲሞላ የሚታያት እየመሰላት። ነገር ግን ልጅቷ ሒሳብ ስትሠራ አሁንም ግንባሯ ደብተሩ ላይ ይወድቃል። በጉ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ሆነ። ፀጉሩ አብለጨለጨ፣ ጀርባው ሰፋ፣ ጠባዩም ተለወጠ።

«አንቺ ጀማነሽ፣» አሏት ጋሽ ሱሌማን አንድ ጠዋት፣ «ይኼን በግ ምን እያበላሽው ነው? ትናንት የቆርቆሮውን በር በቀንዱ ነቅሎ፣ ይዞት ኦሎምፒያ ሊደርስ ነበር።»

«ፉርሽካ ብቻ ነው ጋሼ።»

«ፉርሽካማ ስንቱን በግ አብልቻለሁ። ይኼ ፉርሽካ ሳይሆን የወታደር ስንቅ ነው።»

ጀማነሽ ሳቀች። ግን ደረጃውን ስትወጣ ሳቋ ቀዘቀዘ። በግ በር ይነቅላል፣ የእሷ ልጅ ሁለት ደረጃ ወጥታ ታርፋለች። ቀጠሮው ደግሞ እየገሰገሰ ነው።

በመካከሉ አዳራሹ ለሠርግ ተይዞ ሁለት እሁድ ትምህርት አልነበረም። በሦስተኛው እሁድ መምህር ቡልቻ ሁለተኛውን አንቀጽ አስነበበ። «አንድ ዘር በሁሉም ማሳ አንድ አይሆንም። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የቦታው ከፍታና አስቀድሞ የተዘራው ሰብል በእህሉ ውስጥ ያለውን ምግብ ይለውጡታል።»

ጀማነሽ ስለ ጥጥ የሚለው ለምን እንዳልመጣ ትንሽ ገርሟት ነበር፤ ግን ወደፊት ይሆናል አለች። ይልቅ ለሚያስጨንቃት ነገር መልስ ያገኘች መሰላት። ችግሩ ማሳው ነው! በማግስቱ ኑሪ ወፍጮውን ሳይከፍት ደረሰች።

«አጃው ከየትኛው ማሳ ነው? ዝናብ አግኝቷል?»

«እትዬ፣ እኔ ከጆንያ ነው የማውቀው።»

«የሸጠልህን ሰው ደውልልኝ።»

ኑሪ ከዚህች ሴትዮ ጋር ከመከራከር ስልክ ይሻላል ብሎ ባሌ ላለው ነጋዴ ለጉተማ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ዝናቡ እንዴት ነበር?» አለች ጀማነሽ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ማን ልበል? ከግብርና ቢሮ ነው?»

«የሊዲያ እናት ነኝ።»

«የቷ ሊዲያ?»

«ደሟ የወረደው።»

ጉተማ ደግ ሰው ነው። «እግዜር ይማርልሽ እናቴ። ዝናቡ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፣ ኋላ ተስተካክሏል። እኔ ሁለት ማሳ አለኝ። የላይኛው በየዓመቱ እህል እየተዘራበት የደከመ ነው። የታችኛው ላይ አምና ባቄላ ስለነበር አፈሩ ደህና ነው፣ አጃውም ፍሬው ሞላ ያለ ነው።»

«የኔ ከየትኛው ነው?»

«ተቀላቅሏል እኮ እናቴ! ጆንያ ውስጥ ማን ይለየዋል?»

«እንግዲያው የባቄላውን ብቻ ለይተህ ላክልኝ።»

«በስንት ኩንታል?»

«በአንድ ልጅ ልክ።»

ጉተማ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ላከ። በሚቀጥለው መኪና ከባቄላ በኋላ የተዘራው፣ ፍሬው የሞላ፣ ምርጥ አጃ መጣ። ጀማነሽ ተቀበለችው፣ ሳመችው፣ ከዚያ ኑሪ ፊት አስቀምጣ ሦስቴ አስፈተገችው። በጉም በዚያ ሳምንት ገመዱን በጠሰ።

የሦስተኛው አንቀጽ እሁድ የማንበብ ተራ የጀማነሽ ነበር። ተነሥታ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ይህንን አንቀጽ መፍራት የለባትም፤ አንድ ወር ሙሉ ስትኖርበት የከረመች ነው። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ አወረደችው።

«አጃ እንደ ጥጥ እስኪነጣ ድረስ በደንብ መፈተግ አለበት። ከዚያም ቅቤና ማር በብዛት ይጨመርበታል። የበላ ልጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ አይታዘዝም፤ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ይመለከታል።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር ፀሃዬ ወረቀታቸውን ገልብጠው አዩ።

«የኔ ላይ ቴሌቪዥን የለም፣» አሉ። «ለእሷ የተለየ ነው እንዴ የታደለው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህር ቡልቻ ግን አልሳቀም። ወደ እሷ መጥቶ ጎንበስ አለና በቀስታ፣ «ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ይህን ከየት አመጡት? እስቲ ጣትዎ ያረፈበትን ፊደል ብቻ ይንገሩኝ» አላት።

ጀማነሽ ጣቷን አየች። ያረፈው «ገ» ላይ ነው። ቀጥሎ «ለ» አለ። አሁን የምር ማንበብ ጀመረች፣ ፊደል በፊደል፣ አንዱን እየጣለች አንዱን እያነሣች።

«ገ-ለ-ባው… ከተለየ በኋላ… ቡናማው… ገ-ለ-ፈት… መነሳት የለበትም። አብዛኛው… ብረት… ያለው በዚያ ነው። ብዙ የተፈተገ… ነጭ አጃ… ለዓይን ያምራል። ጥቅሙ ግን… ከፉ… ከፉር-ሽ-ካው ጋር… ይሄዳል።»

ጨረሰች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ረጅም አንቀጽ ብቻዋን ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ማንም ግን አላጨበጨበም፣ እሷም አልተደሰተችም።

መምህር ቡልቻ እንደ ልማዱ የመረዳት ጥያቄ ጠየቀ። «እንግዲህ፣ አጃው ብዙ ሲፈተግ ጥቅሙ ወዴት ሄደ?»

«ጋሽ ሱሌማን ቤት፣» አለች ጀማነሽ።

ነገሩን ሁሉ እስክትዘረዝር ድረስ ክፍሉ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ደንብ መጣሷንም አልደበቀችም። ስትጨርስ ግን የሚስቅ አልነበረም፣ ምክንያቱም የመጨረሻ ቃሏ ሪፈር ነበር።

«መምህር፣» አለች፣ «የቀረኝ አንድ ወር ነው። አራተኛውን አንቀጽ ዛሬ።»

«ደንቡን ያውቁታል ወይዘሮ ጀማነሽ…»

«ልጄ አንድ ወር ማር ስትልስ ከርማለች! እሁድ እስኪመጣ እኔ እዚሁ ነው የምቀመጠው።»

ፀሃዬ ቀድመው እጃቸውን አወጡ፤ ወደፊት ማንበብ ከተፈቀደ ማንም ሳይቀድማቸው። መምህር ቡልቻ ተሸነፈና አራተኛው አንቀጽ ተነበበ። ያልተፈተገው አጃ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ገለፈቱ ውስጥ ብረቱን አንቆ የሚይዘው ነገር ይላላል። ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሮ ቢበላ ይረዳል። ሻይ ወዲያው ተከትሎ አይጠጣ። ጀማነሽ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ ነክታ አረጋገጠች። ከእንግዲህ በጆሮዋ አታነብም።

ቤት ስትገባ ሊዲያ ተጋድማ ካርቱን ላይ ነበረች። ጀማነሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ተቀመጠች።

«ሊዲዬ፣ ነይ ቁጭ በይ። ዛሬ እኔ ነኝ የማነብልሽ።»

«አንቺ?»

«ሦስተኛው አንቀጽ።» ጀማነሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «‘አጃ የምትበላ ልጅ ከበላች በኋላ የግቢውን ሽንት ቤት ታጥባለች። ማር በዓይኗ አታይም። ቴሌቪዥኑም ለአክስቷ ይሰጣል።’»

«እንዲህ አይልም!»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ገለፈቱ አይነሳም ነው እኮ የሚ—»

ሊዲያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዘግይታ ነበር። ጀማነሽ ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈች። ከአዳራሹ እስከ ቤት ስታዘጋጅ የመጣችው ቁጣ ነበር፤ አሁን ግን የልጇን የገረጣ ከንፈር ስታይ ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ደምሽ ነው እኮ ሊዲያ።»

«እኔ በማርም የሚጨምር መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ…» ሊዲያ አቀረቀረች። «ከዚያ ጣፈጠኝ።»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ ጀማነሽ ግን በውስጧ፣ ቡኮውን ለልጅ የሰጠሁት እኔው ነኝ አለች። ሁለተኛውን ወር በሌላ ሥርዓት ጀመሩት። አጃው ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ከነቡናማነቱ ይቀቀላል፣ ቲማቲም ይከተፍበታል። ነርሷ ያለችው ምስርና ጎመንም ከተረሱበት ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሊዲያ በየማንኪያው ትደራደራለች። «አምስት ማንኪያ።» «አሥራ አምስት።» «ሰባት፣ ግን ትልልቅ።» «አሥራ አምስት፣ ግን ትንንሽ።» አንድ ቀን ሰባቱን ትልልቅ ጎርሳ፣ ጉንጯ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ለመዋጥ ሩብ ሰዓት ፈጀባት።

ጋሽ ሱሌማንም ቅር አላቸው። «ጀማነሽ፣ ምን አጠፋሁ? በጉ ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ ቆሞ ይጮኻል።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ድርሻው የሊዲያ ነበር።»

«ስለዚህ እኔ የልጅሽን ቀለብ ነው ያበላሁት?» አሉና ሽማግሌው ደነገጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊዲያን ባዩ ቁጥር «በላሽ?» ማለት ጀመሩ። ኑሪም እንዲሁ፣ ፀሃዬም እንዲሁ። ሊዲያ ሰፈሩን አቋርጣ ሱቅ እስክትደርስ አራት ሰው ስለ ቅንጬ ይጠይቃታል።

የቀጠሮው ቀን ጀማነሽ ከንጋቱ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ የሚመረመረው የእሷ ደም ይመስል። ነርስ ራሄል ከሊዲያ ጣት ጠብታዋን ወሰደች። መሣሪያው አሰበ። ጀማነሽ ቁጥሩን ከነርሷ ትከሻ በላይ ተንጠራርታ ራሷ አነበበችው፤ አንድ፣ አንድ፣ ነጥብ፣ ሁለት። ትክክል ማንበቧን ግን አላመነችም።

«አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት፣» አለች ራሄል።

«አሥራ አንድ ተኩል አልሞላም።» አለች ጀማነሽ። «ሪፈር ነው?»

«የምን ሪፈር እናት! እየጨመረ እኮ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ምን እያበሉ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሳይለውጡ በዚሁ ይቀጥሉ። ከሁለት ወር በኋላ አያታለሁ።»

ጀማነሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሊዲያ በበኩሏ «ሁለት ወር?» አለች፣ እንደገና «ሁለት ወር?» አለችና እሷም ድምፅዋን አውጥታ ማልቀስ ጀመረች።

ራሄል እናትና ልጅን ግራ ገብቷት እያየች ቆየች። አንዷ በደስታ፣ አንዷ በቅንጬ እንደሚያለቅሱ የነገራት የለም። በመጨረሻ ካርዱ ላይ «ለውጥ አለ» ብላ ጻፈችና የቀራትን አንድ ሶፍት ለሁለት ቀድዳ አከፋፈለቻቸው።